ወናፉን ቅቤ የቀባሁበት ክረምት

አቼቶ ሲሸተኝ እንደ ሰው ሁሉ ሰላጣ ትዝ አይለኝም። ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። እህቴ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጎንበስ ብላ ሰላጣው ላይ አቼቶ ስታፈስ፣ እኔ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልንገራት? እሷ ያን ክረምት ገና አልተወለደችም። ቀዩን አምፖል፣ በተርታ የተቀመጡትን ሦስት ሳህኖች፣ ከመካከለኛው ሳህን እየተነሣ አፍንጫዬን ይሰነፍጠኝ የነበረውን አቼቶ አታውቅም። «ምንም አልሆንኩም» ብያት ተቀመጥኩና ሰላጣዬን በላሁ። ልቤ ግን አምቦ ሄዶ ነበር።

ያኔ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል አልፌያለሁ። ካርዴ ላይ አስተማሪዬ «ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን በማያገባት ትገባለች» ብለው ጽፈውብኛል። አባቴ አንብቦ ሳቀ፤ እናቴ አልሳቀችም። አባቴ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። የምንኖርበት ግቢ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል፤ ከቤታችን ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ኦቦ ቶሎሳና ልጃቸው ቦንቱ ይኖሩ ነበር። የቦንቱ እናት የሞቱት እሷ ገና ዳዴ ስትል ነው። ኦቦ ቶሎሳ አላገቡም፤ ልጃቸውን ፀጉሯን እየጎነጎኑ ያሳደጉ አባት ናቸው። አጎነጓጎናቸው ጠማማ ነበር ብላ ቦንቱ ትስቅባቸዋለች።

ኦቦ ቶሎሳ በደህናው ጊዜ ፎቶ አንሺ ነበሩ። በአምቦና በጉደር ቤት ገብታችሁ ግድግዳ ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ ሙሽራው ተቀምጦ ሙሽሪት ትከሻው ላይ እጇን አሳርፋ የቆመችበት ፎቶ ካለ የእሳቸው ሥራ ነው። በኋላ ትንንሽ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጎረምሶች መጡ። የእሳቸውም ዓይን ደከመ፤ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ትልቁ የእንጨት ካሜራ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። እኔ ከረጢቱን ባየሁ ቁጥር ውስጡ የታረደ በግ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ሦስት እግሩ ወጥቶ ይታያላ! አራተኛው እግር የት እንደ ሄደ ለማወቅ ቁም ሣጥኑ ሥር ገብቼ ፈልጌያለሁ።

በዚያ ዓመት ቦንቱ አሥራ ሁለተኛን በከፍተኛ ውጤት ጨረሰችና ሞስኮ ሄዳ ሕክምና እንድትማር ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። ግቢው በእልልታ ቀለጠ። የምትሄደው በመስከረም ነው፤ የምትቆየው ስድስት ዓመት። እኔ ሞስኮን ከነቀምት ቀጥላ ያለች ከተማ አድርጌያት ነበር፤ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ሩቅ የሚባል ነገር ሁሉ በነቀምት በኩል ነው። ቦንቱ በአዲስ አበባ አውቶቡስ እንደምትሄድ ስሰማ መንገዱን የተሳሳቱ መስሎኝ ለአባቴ በጆሮው ነገርኩት።

ነገሩ የተጀመረው ለፓስፖርቱ የተነሣችውን ፎቶ ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ኦቦ ቶሎሳ ፎቶዋን ዓይናቸው ሥር አስጠጉ፤ አራቁ፤ ወደ ፀሐይ አዞሩ፤ መልሰው አስጠጉ።

«ይቺ ቴምብር ናት እንጂ ልጄ አይደለችም» አሉ።

«ለፓስፖርት እኮ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ» አላቸው አባቴ። «ለእነሱ ይበቃቸዋል።»

«ለእነሱማ ይበቃል። ለእኔስ? ስድስት ዓመት ሙሉ ምኗን ልይ?»

አባቴ ያውቃል። የእሳቸውን ዓይን በባትሪ እያበራ ስንቴ አይቶታል፤ ሞራው በየወሩ እየወፈረ ነበር። ከቅርብ የተያዘ ትልቅ ነገር ያያሉ፤ አውራ ጣት የምታህል ፎቶ ግን ለእሳቸው ግራጫ ነጥብ ናት። በማግሥቱ ጠዋት ከረጢቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረዱትና እኔን ጠሩኝ።

«ኮቱ፣ ኢንተለኮ፤ ነይ፣ ልጄ። ዓይን ያስፈልገኛል። የአንቺን አበድሪኝ።»

በግ አለመሆኑ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቀይ ቡናማ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ማዕዘኖቹ በነሐስ የታሰሩ። ከፊት፣ ለብቻው ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረው የመስታወት ዓይን ይገባበታል፤ ከኋላ እንደ ጉም የደበዘዘ ሰፊ መስታወት አለው። ሁለቱን የሚያገናኘው እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ቆዳ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ይህን ቆዳ ወናፍ ይሉታል፤ የአንጥረኛ ወናፍ እንደሚዘረጋ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። በዘረጉት ጊዜ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ተንኮሻኮሸና ሦስት ቦታ ተቀደደ። ጎጆ ከተማ ለሚኖር ዘመዳቸው መልእክት ላኩ፤ ከሳምንት በኋላ በደንብ የለፋ ስስ የበግ ቆዳ በድንች ጆንያ ላይ ተጭኖ መጣልን።

የዚያን ሰሞን ሥራችን ይኼ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኛ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ቆዳ እንቆርጣለን፣ ከካርቶን ቀጫጭን ርብራብ እንሠራለን፣ ከውስጥ ጥቁር ጨርቅ እንለብጣለን። መርፌ የምሰካው እኔ፣ መስመር ላይ መሆኑንና አለመሆኑን የማየው እኔ፤ መስፋቱ የእሳቸው ነው። ጣቶቻቸው ሳያዩ ያውቃሉ። ቦንቱ ሩሲያኛ ፊደል ከመጽሐፍ እየገለበጠች ከጎናችን ትቀመጥና አንዳንዴ ብድግ ብላ ሙጫ ታሞቅልናለች። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ለዘላለም እንዳይከፈት ነበር የምጸልየው።

ወናፉ ተገጥሞ ካሜራው በሦስት እግሩ ግቢው መሐል የቆመ ቀን፣ ኦቦ ቶሎሳ ጥቁሩን ጨርቅ ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረጉና የኋላውን መስታወት እንዳይ አዘዙኝ። አየሁ። ግቢያችን ተገልብጧል። ዶሮዋ ሰማይ ላይ ትራመዳለች። እናቴ ቁልቁል ተንጠልጥላ ልብስ ታሰጣለች፤ የገረመኝ ቀሚሷ ወደ ታች አለመውረዱ ነው። ጨርቁን ወርውሬ እየሮጥኩ ሄድኩና እናቴን አየኋት፤ በእግሯ ቆማለች። ችግሩ የካሜራው ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ፊት ለፊቱ ሄጄ ቀሚሴን ጉልበቴ መሐል ወተፍኩና በራሴ ቆምኩ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ይታይ ብዬ። ኦቦ ቶሎሳ ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ እናቴ በነጠላ ጫማዋ አቋረጠችው። ለነገሩ በደንብ አድርጋ አልመታችኝም፤ እሷም እየሳቀች ነበር።

ከዚያ በኋላ የማየው ነገር ሥራ ሆነ። እሳቸው የመስታወቱን ምስል ስለማያዩት፣ ቦንቱ ወንበር ላይ ትቀመጥና እኔ በጨርቁ ሥር ሆኜ እነግራቸዋለሁ።

«ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

የካሜራውን ማስተካከያ ትንሽ ያዞራሉ። «አሁንስ?»

«አሁን ይቆጠራል!»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ፎቶ ማለት ሽፋሽፍት ነው፤ ሌላው ራሱ ይመጣል።»

ፊልሙ ግን ከባድ ጣጣ ነበር። የደብተር ገጽ የሚያህለው ፊልም ከድሮ የቀረው ሁለት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚሸጥበት ቦታ የለም። አርጅቷል፤ ብርሃን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጠራራ ሰማይ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ሐምሌ ላይ ነን። ኦቦ ቶሎሳ በየጠዋቱ ወጥተው ደመናውን በማይታያቸው ዓይናቸው ይመረምራሉ፤ ማታ ወናፉን እየዳበሱ ያጉረመርማሉ። «ይህ ቆዳ ከደረቀ አለቀልን። ከተሰነጠቀ ሌላ ከየት ይመጣል?» አሉ አንድ ምሽት።

ይህን የሰማሁት እኔ ነኝ። እኛ ቤት አገልግል አለ፤ እናቴ ቆዳው እንዳይደርቅ በየጊዜው ቅቤ ትቀባዋለች፤ አንድ ቀን ተሰንጥቆ አያውቅም። ትልልቆቹ ሰዎች ይህን እንዴት እንደረሱት ገረመኝ። ኦቦ ቶሎሳና ቦንቱ ለወረቀት ጉዳይ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ለእናቴ ሰጥተዋት ነበር። እናቴ ገበያ ስትወጣ ለእንቁጣጣሽ ካስቀመጠችው ቅቤ አንድ ጭብጥ ዘገንኩና በቁልፉ ከፍቼ ቤታቸው ገባሁ። ካሜራውን ከቁም ሣጥኑ ላይ ለማውረድ ስለማልችል ወንበር ላይ ወጥቼ፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ እየገለጥኩ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር አሸሁት። ወናፉ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆነ። የተረፈውን ራሴ ላይ አበስኩ።

«ፀጉርሽን ማን ቀባሽ?» አለች እናቴ ስትመጣ።

«ራሴ» አልኳት። አልዋሸሁም።

ኦቦ ቶሎሳ ሲመለሱ ወናፉን ዳሰሱና ፊታቸው በራ። «የጎጆ በግ! አያችሁ? እያደር ይለሰልሳል» አሉ። አፍንጫቸው ሲያሸቱት በኖሩት የፎቶ መድኃኒት ከሞተ ቆይቷል። እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ፤ ግን ዝም አልኩ፤ ምስጋናውን በኋላ በአንድ ላይ ልሰበስበው አስቤ።

ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ አንድ ቀን ዝናቡ ሳይታሰብ አረፈና ፀሐይ ወጣች። ቦንቱ የእናቷን ቀሚስ ለበሰች። እኔ ሽፋሽፍቷን ቆጠርኩ፤ ፎቶው ተነሣ። ጓዳው በብርድ ልብስ ተጋርዶ ቀዩ አምፖል ሲበራ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ሦስት ሳህን ተደርድሯል፤ በመካከለኛው ውስጥ ያለው አቼቶ ነው፤ ምስሉ በዝቶ እንዳይጠቁር የሚያስቆመው መድኃኒት ስለጠፋ ኦቦ ቶሎሳ ከባለ ሱቁ ገዝተው ተክተውታል። ፊልሙ ታጠበ፣ ደረቀ፤ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ላይ አተምነው። ወረቀቱ ሳህኑ ውስጥ ተኝቶ የቦንቱ ቅንድብ ከምንም ተነሥቶ ሲመጣ ጮህኩ። አገጯ መጣ፣ አንገቷ መጣ። ከእነሱ ጋር ግን ነጫጭ ነገሮች መጡ፤ አንዱ ጉንጯ ላይ፣ አንዱ አፏ ላይ፣ ትልቁ ግራ ዓይኗን ሸፍኖታል።

ቦንቱ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አውጥታ አየችው። «በረዶ እየጣለብኝ ነው። ሞስኮ ገብቼ የለ እንዴ!» አለች። አባቷ ግን አልሳቁም።

ካሜራውን ወደ ፀሐይ አወጡትና ወናፉን በውስጥ በኩል እንዳይ አዘዙኝ።

«ምን ይታይሻል?»

«ኮከብ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ጨለማው ውስጥ ብርሃን ነጠብጣብ ሠርቷል። «ብዙ ነው። ታች ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ናቸው።»

አባቴ ከጤና ጣቢያ ፕላስተር አመጣ። ቀዳዳዎቹ ላይ ለጠፉት፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ደግመው ለጠፉት፤ ደግሞ ወደቀ። ሙጫም አልያዘ። ኦቦ ቶሎሳ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጣታቸውን ጫን ጫን አድርገው ዳበሱና፣ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አፋተጉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ አልሆነም። ምላሳቸው ላይ ነካ አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ያ የደከመ ዓይን ያየኝን ያህል ማንም አይቶኝ አያውቅም። በዚያ ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ክረምት ነው፣ አይጥ ከዝናብ ሸሽቶ ቤት ይገባል፣ ቤት ገብቶ ደግሞ የሚወደውን ይበላል። እኔ ነኝ ያቀረብኩለት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ምንድን ነው፣ አባ?» አለች ቦንቱ።

«አይጥ ነው» አሉ። «በክረምት አይጥ ምን የማይበላው አለ?»

በቃ፤ ይህን ብቻ ነው ያሉት። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ የቅቤ ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት ገባሁና አልጋ ሥር ተደብቄ አለቀስኩ፤ እናቴ እራት ስትጠራኝ አላሰኘኝም አልኩ። ሰውን እንዲህ መውደድ እንደሚያም ያወቅሁት ያኔ ይመስለኛል።

ቆዳውን በሳሙናም በአመድም አሸነው፤ ቅቤው ግን ውስጡ ገብቷል። ከጎጆ ሌላ እንዳናስመጣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ዝናቡ አላለፈም። የቦንቱ ጉዞ ለሐሙስ ተቆረጠ። ሰኞ ዘነበ፤ ማክሰኞ ዘነበ። ኦቦ ቶሎሳ ማክሰኞ ማታ የቀረችውን አንዷን ፊልም ወደ ሳጥኗ መልሰው እኛ ቤት መጡና አባቴ አጠገብ ተቀመጡ።

ረቡዕ ጠዋት ስነቃ ግቢው ወርቅ ፈሶበታል። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። በባዶ እግሬ ሮጬ ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ካሜራውን አቁመው፣ ቦንቱን በረንዳው ጥላ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ገላጣው ግቢና ወደ ሰማዩ አዙረው አስቀምጠዋታል።

«ኮቱ። ጥቁሩን ጨርቅ ደራርቤ ከላይ እሸፍናለሁ። የታቹን ሁለቱን ኮከብ ግን ጨርቁ አያገኘውም። በመዳፍሽ ትይዥልኛለሽ?»

«እይዛለሁ።»

«ቢያሳክክሽም፣ ብትደክሚም?»

«ብሞትም!» አልኩ። ፈገግ አሉ።

ሽፋሽፍቷን ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠርኩላቸው። ፊልሙ ገባ። ከወናፉ ሥር ተንበርክኬ ሁለቱን መዳፎቼን ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ገጠምኩ፤ ጨርቁ በላዬ ላይ ወረደና ጨለመ። የቅቤው ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነበር። የፊቱ መስታወት መክፈቻውም መዝጊያውም የነሐስ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ብርሃን ይገባል፣ ሲመለስ ፎቶው አለቀ። ኦቦ ቶሎሳ ስለ ሌላው ነገር ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ብርሃን የሚቆጥሩት ግን በኦሮምኛ ብቻ ነው።

«እስከ ስምንት እቆጥራለሁ። ስምንት ስል እከድናለሁ። እስከዚያ ማንም አይነቃነቅ። ቦንቱ፣ እኔን እዪኝ።»

ክዳኑ ተነሣ።

«ቶኮ» አሉ። «ለማ። ሰዲ። አፉር።» ድምፃቸው የረጋ ነበር። «ሸን። ጀአ። ቶርባ።» ትንፋሼን ዋጥኩ። «ሰዴት።»

ስምንት ሞላ፤ ክዳኑ ሲመለስ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም።

«ሰገል» አሉ፤ ዘጠኝ።

መዳፎቼን አጠበቅሁ። የተሳሳቱ መሰለኝ። «ኩዸን» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ኩዸ ቶኮ። ኩዸ ለማ።» ሳያቋርጡ፣ እያንዳንዷን እየጎተቱ ቀጠሉ። ቦንቱ የተቀመጠችበት ወንበር አንዴ እንኳን አልተንቋቋም። «ዲግደማ» ሲሉ በሹክሹክታ ነበር። ከሃያ በኋላ ቁጥሩም ቀረ፤ የሚሰማው የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሰውዬው መቁጠር ጠፍቶባቸዋል አልኩ በልቤ። ያን ክዳን መመለስ ማለት ለእሳቸው ምን ማለት እንደ ሆነ፣ እጃቸው ለምን እንቢ እንዳላቸው፣ በዘጠኝ ዓመቴ ከየት ላውቀው? በመጨረሻ ክዳኑ ጠቅ አለና ጨርቁ ከላዬ ተነሣ። ኦቦ ቶሎሳ መዳፋቸው ክዳኑ ላይ እንዳለ ቆመዋል። መዳፎቼን አየኋቸው፤ የወናፉ እጥፋት ታትሞባቸዋል።

አሥር ሰዓት ላይ ፊልሙ ደርቆ አተምነው። ብርሃን የበዛበት ፊልም ወረቀት ላይ ሲታተም ይነጣል። ኦቦ ቶሎሳ ሦስቴ ሞከሩ፤ በየጊዜው ወረቀቱን አብዝተው ብርሃን እያጠጡ። ሦስተኛው የተሻለ ነበር። አንድም ነጭ ጠባሳ የለበትም፤ ግን የቦንቱ ጉንጭና ግንባር ከወረቀቱ ንጣት ጋር ሊቀላቀል ትንሽ ነው የቀረው። ዓይኖቿ፣ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ግን ቁልጭ ብለዋል። ቀጥ ብላ ታያለች፤ አባቷን።

ኦቦ ቶሎሳ ውሃው ከጠርዙ የሚንጠባጠበውን ወረቀት በሩ ላይ ይዘው ወጡና ፊታቸው ላይ አስጠጉት። ራቅ አላደረጉትም፤ ወደ ፀሐይ አላዞሩትም። 

ቦንቱ በትከሻቸው በኩል አየችው። «ነጣ እኮ፣ አባ። ስምንት ብለው አልነበር?»

 «ደመና መጣ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ብርሃኑን ሲጋርደው ጊዜ ጨመርኩለት።»

ቦንቱ ወደ እኔ ዞረች። «ደመና መጥቶ ነበር እንዴ?»

እኔ እኮ ጥቁር ጨርቅ ሥር ነበርኩ። ደመና ቢመጣ ባይመጣ በምን ዓይኔ አያለሁ? ኦቦ ቶሎሳን አየኋቸው፤ እሳቸው ፎቶውን እንጂ እኔን አያዩም።

«አዎ» አልኩ። «መጥቶ ነበር። ትልቅ ደመና።»

 ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊቷን ወደ ሰማዩ አድርጋ የተቀመጠችው ቦንቱ ነበረች። ፎቶውን ከአባቷ እጅ በቀስታ ወሰደችና የረጠበውን ጠርዝ በእናቷ ቀሚስ ጫፍ አደረቀችው።

«እውነት ነው፣ አባ» አለች። «እኔም አይቼዋለሁ።»